አምስት ቁራጭ አቡጀዲ

ሐምሌ 21፣ ሰኞ፣ ሸቤ

የሩፈይዳ ስም ወጣ። ጠዋት ስልኳን ይዛ እየሮጠች ሱቅ መጣች፤ ቦት ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ ሳቅ። በዚህ ክረምት ጅማ ላይ ወጣት ልብስ ሰፊዎችና ሠዓሊዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ይሠራሉ፣ ነሐሴ 10 ቅዳሜ የሠሩትን ለሕዝብ ያሳያሉ። ከአዲስ አበባ አንዲት አስተማሪ መጥታ ሦስት ልጅ ትመርጣለች። የተመረጠ አዲስ አበባ ሄዶ ስድስት ወር ይማራል።

"ስድስት ወር?" አልኩ።

"ከተመረጥኩ እኮ ነው አባ።"

ትመረጣለች። እኔ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ፣ የልጄን እጅ አውቀዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳትም፤ "ዝናቡ ይበረታል፣ ልብስ ደርቢ" ነው ያልኩት።

እናቷ ሳቢሃ ብቻዋን ትሂድ ባይ ናት። "ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጅማ ደግሞ ሱዳን አይደለም።" አብሬ ልሂድ አልኩ። "ሄደህ ምን ልትሠራ?" "ጅብሪልን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!" አብሮ አደጌ ነው፣ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ የሚባል ሰፈር ስፌት ቤት አለው። ሳቢሃ ሳቀችብኝ። ሚስት ስትስቅ መከራከር ዋጋ የለውም።

የምይዘው፦
መቀስ (የራሴ)
ሜትር
ጃንጥላ ሁለት
የሩፈይዳ ወፍራም ሹራብ
ቴርሞሜትር
ለጅብሪል ቤት ጭኮ፣ ሳቢሃ የሠራችው
አጎበር

የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ገና አልጀመርኩም። ስመለስ ይደርሳል።

ግንቦት ላይ ያመማት ለቋታል። ሐኪሙ ድናለች ብሏል። እኔም አይቻለሁ፣ ትበላለች፣ ትሮጣለች። ቴርሞሜትሩን እንዲያው ነው የያዝኩት።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ፣ ጅማ

ደረስን። መንገድ ላይ፣ ሰቃ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ዝናብ። ሩፈይዳ መስኮቱን ከፍታ ስትስቅ መጣች፣ እኔ ስዘጋ። ጅብሪል አርጅቷል። እሱ ደግሞ "አካም ጅርታ፣ ሽማግሌው?" ብሎ ተቀበለኝ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ዝናቡ ፋታ ሰጠንና ጅብሪል ከተማውን አዞረኝ። ወላሂ የጅማ ሰው ይለብሳል! ሳልረሳው ልጻፈው።

አንዲት ሴት፣ ጅልባቧ አረንጓዴ፣ የጎማ ቦቷ አረንጓዴ፣ ጃንጥላዋ አረንጓዴ። ባጃጅ ጭቃ ሊረጭባት ሲል ወገቧን ሰበቅ አድርጋ አመለጠች፣ አንድ ጠብታ አልነካትም።

አንድ ሽማግሌ፣ ጥቁር ኮት፣ ኮሌታው በእጅ የተሰፋ። ንፋስ ሲገልጠው ገበሩ ቀይ! ማን እንደሰፋው ልጠይቅ ስል ጅብሪል ጎተተኝ።

ሰፊ ሱሪ የለበሱ ሴቶች ልጆች። ወገቡ ላይ ሁለት ሁለት ሽንሽን አለው። ጨርቅ ይፈጃል፣ ሲራመዱ ግን ያምራል።

ካናቴራውን ገልብጦ የለበሰ ወጣት፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ነው። ተሳስቶ መስሎኝ ልነግረው ነበር። ፋሽን ነው አሉ።

"አንተ ሳኒ" አለኝ ጅብሪል፣ "ሰውየው እኮ ሰላም ሲልህ አንተ እጅጌውን ነው የምታየው።"

"እጅጌው ጥሩ ነበር።"

"ሸቤ ሰው ልብስ አይለብስም እንዴ? ሰውየው ሊመታህ ነበር።"

ከዚያ ልጆቹ ያሉበት አዳራሽ ገባን። ሩፈይዳ ሁለት ጓደኛ አበጅታለች። አንዷ ፍሬሰላም የምትባል ሠዓሊ ናት፣ እዚሁ ቦሳ አዲስ ተወልዳ ያደገች፤ ጥፍሯ ሁሉ ቀለም ነው፣ ስታወራ አትተነፍስም። ሁለተኛዋ ቲቲ ናት፣ የአጋሮ ልጅ። እነሱ የሰፉትን ለብሳ መድረክ ላይ የምትሄደው እሷ ናት። ቁመቷ በር ላይ ጎንበስ ያስብላታል።

"ጋሼ" አለችኝ ቲቲ፣ "ሩፊ 'አባቴ፣ አባቴ' ስትል ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅነው።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ሜትር አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ ትንሽዬ ሰውዬ ሆኑብን!"

ሜትሩን ለካ ከሸቤ ጀምሮ አላወለቅኩትም። በጁምዓ ሰላት ሰገድኩበት ማለት ነው። ጅብሪል እያየ ዝም ብሎኛል።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ልጆቹ ጅሬን፣ የድሮው ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ወሰዱን። ቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ቆሜ እንጨቱ እንዴት እንደተጋጠመ ሳይ ፍሬሰላም "ጋሼ፣ ከተማው ከታች እየታየ እርስዎ ምሰሶ ያያሉ?" አለችኝ። ከተማውንም አየሁ። ጉም ውስጥ ቆርቆሮው ሁሉ ያብለጨልጫል። ደስ ይላል።

ስንመለስ የሣለችውን አሳየችን። ሴቶች በዝናብ የአዌቱን ወንዝ ሲሻገሩ ነው። ሁሉም ላስቲክ ተከናንበዋል፣ ፊት የላቸውም። ግን ማን ምን እንደተሸከመ ከአረማመዷ ይታወቃል። ወደ ኋላ ዘንበል ያለችው ልጅ አዝላለች። ወደ ፊት የተደፋችው እንጨት ነው። አንዷ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ ምንም የያዘች አትመስልም። "እሷስ?" አልኩ። ፍሬሰላም "እሷን እኔም አላውቃትም" አለች። ሃያ ዓመቷ ነው! እንዲህ ያለ ነገር ከየት ታመጣዋለች?

እያየሁ ሩፈይዳ እጄን ያዘች። ከልጅነቷ ወዲህ ይዛኝ አታውቅም። ግንቦት ላይ ይዛኝ ነበር፣ ያኔ ግን ማን እንደሆንኩ አታውቅም።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሩፈይዳ የምትሠራበትን ጨርቅ ጅብሪል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ነጭ አቡጀዲ፣ አምስት ቁራጭ።

ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ ካልጻፍኩት የምነግረው ሰው የለኝም።

ግንቦት ላይ ሩፈይዳን ወባ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባት ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። በስድስተኛው ቀን ብርድ ልብስ ላመጣ ሸቤ ሄድኩ። ቤት ሳልገባ ሱቅ ከፈትኩ። ከጥቅሉ አቡጀዲ አውርጄ ቆረጥኩ። ከፈን ነው የቆረጥኩት፣ የመቃብር ልብስ። በእኛ ለወንድ ሦስት ቁራጭ፣ ለሴት አምስት ነው። ሸቤ ሰው ሲሞት ወደ እኔ ነው የሚላከው፣ እጄ ለምዶታል። ሜትር አላነሳሁም። ልኳን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ልጅ በሕይወት እያለች! አስተግፊሩላህ። ሰው ሁሉ ዱዓ ሲያደርግ አባቷ መቀስ ያዘ።

በዘጠነኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ሙዝ አማረኝ አለች። ጨርቁን ሱቅ ውስጥ ከዩኒፎርሙ ካኪ ሥር ከተትኩት። መጣልም፣ መሸጥም፣ ለሌላ ሰው መስጠትም አልቻልኩም። ሳቢሃ አንድ ቀን አይታው ነበር፣ ምንም አላለችኝም።

አሁን ሩፈይዳ ዩኒፎርም ጨርቅ መስሏት ይዛው መጥታለች። ቲቲ ትለብሰዋለች። ምን ብዬ ልከልክላት? "ተይው" ብል "ለምን?" ትላለች።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ቀሚሱ ተጀመረ። እኔ እንደዚህ አስቤ አላውቅም። አምስቱ ቁራጭ አምስት ድርብ ሆኗል፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ይወርዳል። አንገቱ ዝግ ነው፣ እጅጌው እስከ አንጓ። ትከሻው ላይ አንድ ሽብሽብ የለም። ትከሻ ማስገባት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ አሁን እኔ እንደዚያ አላስገባም።

ፍሬሰላም ከታች በኩል ቀይ ቡናማ ቀለም ረጨችበት፣ በእጇ፣ በመጥረጊያ፣ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ። የጅማ ጭቃ ቁርጥ! ፍልሰታ ገብቶ እየጾመች ነው፤ የጅብሪል ሚስት ፈድሊያ ለብቻዋ በዘይት ሽሮ ትሠራላታለች፣ እሷ ደግሞ ቀለም ያለው እጇን ታጥባ ታጥባ አይለቅላትም።

ግን ጠርዙ። ሩፈይዳ ጠርዙን አላጠፈችውም። አግድም ክሩን ስንዝር ያህል እየመዘዘች አውጥታ ቋሚውን ክር እንዲሁ ለቀቀችው። አምስቱም ድርብ ዘርፍ ዘርፍ ሆነ።

"መቼ ነው የምትዘመዝሚው?" አልኳት።

"አይዘመዘምም አባ። ዝናብ እኮ ነው። አየኸው? ክሩ ዝናቡ ነው፣ ከሥሩ ጭቃው።"

አየሁት። ስታወዛውዘው በእርግጥም ዝናብ ነው። ቆንጆ ነው። ግን ጠርዙ ሳይታጠፍ የሚለበስ አንድ ልብስ ብቻ ነው ያለው። ይህን ማንም ልብስ ሰፊ ያውቃል።

ነሐሴ 3

ጠርዙን አሰብኩት። በትንሹ ቢታጠፍ አይታይም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ወይዘሮ ሸዋረገጥ መጣች፣ መራጭዋ አስተማሪ። ልጆቹ ምን ላይ እንደደረሱ ለማየት ነው። እንዴት ያለች ሴት ናት! ግራጫ ካፖርት፣ አዝራሩ የለም፣ በአንድ ቀበቶ ብቻ ይዘጋል። ስትቀመጥ አይጨማደድም። ጨርቁ ምን እንደሆነ በሩቁ ልገምት ሞክሬ አልቻልኩም።

የሩፈይዳን ቀሚስ ውስጡን ገልብጣ አየች፣ እንደ ባለሙያ። ወደ ሌላው አለፈች። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ዝናብ እስኪያባራ ቆሜ አብሯት ላለው ሰው ስትናገር ሰማሁ። "የሸቤዋን ልጅ ባገኛት ደስ ይለኛል። ስድስት ወር አይበቃትም፣ ከዚያም አንመልሳትም" ብላ ሳቀች።

አልሐምዱሊላህ።

ለሩፈይዳ አልነገርኳትም። እንዳትኩራራ።

ባትመረጥም እኮ ሸቤ አብረን ተመልሰን ዩኒፎርሙን እንሠራለን። እሱም መጥፎ ነገር አይደለም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ልጆቹ የፍሬሰላምን ሥዕል ሊሰቅሉ አዳራሽ ሄዱ። ጅብሪል ገበያ። ፈድሊያ ጎረቤት።

ቀሚሱ መስቀያ ላይ።

ዘርፉን ቆረጥኩት። አምስቱንም። ሁለት ጣት አጥፌ ዘመዘምኩት፣ ካውያ አደረግኩበት። ንጹሕ ሥራ ነው። ክር አይታይም። ማስተካከል ብቻ ነው የፈለግኩት፣ ከነገ ወዲያ ሰው ፊት የሚወጣ ልብስ ነው፣ ጠርዙ ተበትኖ አባቷ ልብስ ሰፊ ነው ቢባል ምን ይላሉ? ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

የተቆረጠውን ክር ጠርጌ ጋዜጣ ላይ ጠቀለልኩት።

ሲመጡ ማንም ቀሚሱን አላየም። ደክሟቸው ነበር።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አሁን መሽቷል። ጣቴ ተልጧል፣ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተኛል፣ ግን ልጻፍ።

ጠዋት ሩፈይዳ ቀሚሱን ልታወርድ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ የሞተ ወፍ እንደያዘ ሰው።

"ማነው የነካው?"

ጅብሪል እኔን አየኝ። እኔ ካውያውን አየሁ።

"ያላለቀ መስሎኝ ነው" አልኩ።

"ያላለቀ? አባ፣ አንተ? ያለቀና ያላለቀ የማይለየው አንተ ነህ?"

"ነገ ሰው ፊት..."

"ዝናቤን ቆረጥከው!"

ፍሬሰላም ጎንበስ ብላ አየች። "ጭቃዬንም አጥፈውታል፣ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። ያቺ ስታወራ የማትተነፍስ ልጅ ሌላ ቃል አልወጣትም። እሱ ባሰኝ።

ሩፈይዳ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ለምን እንደሆነ ንገረኝ" አለች። "እውነቱን።"

ሁሉም ቆመው ያዩኛል። እንዲህ አልኩ፦ "ይህ ጨርቅ የዩኒፎርም አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ከፈኔ ነው።"

ጅብሪል "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብሎ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ።

"ሰኔ ላይ ካኪ ስፈልግ አገኘሁት" አለች። "አምስት ቁራጭ፣ በኔ ልክ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ እኮ፣ የራሴን ልክ አላውቀውም? እማን ጠየቅኳት፣ አልቅሳ ነገረችኝ።"

"ታዲያ አውቀሽ እንዴት ትነኪዋለሽ? ረቢን አትፈሪም?"

"ምን ላድርገው ታዲያ፣ መጋረጃ? አንተ ሱቅ በገባህ ቁጥር ካኪውን ገለጥ አድርገህ ታየዋለህ። እኔን ባየህ ቁጥር ግንባሬን ትነካለህ። ሦስት ወር ሙሉ ድኛለሁ አባ፣ አንተ ግን አልዳንክም። ጨርቁ ከዚያ ቤት እንዲወጣ ፈለግኩ። እንዲወጣ፣ ፀሐይ እንዲያየው፣ እንዲያምር። እኔ ራሴ መልበሱን ግን ፈራሁ። ለዚያ ነው ለቲቲ የሰጠኋት።"

ቲቲን አየኋት። "አንቺም ታውቂያለሽ?"

"ነግራኛለች፣ ጋሼ። ለእኔማ ስድስት ቁራጭ ነው የሚያስፈልገው፣ ይሄ አይበቃኝም ብያታለሁ።"

መጀመሪያ የሳቀው ጅብሪል ነው። ከዚያ ፈድሊያ። ከዚያ ሩፈይዳ፣ እንባዋ እየወረደ። እኔ አልሳቅኩም፣ ወንበር ፈለግኩ።

"ልሂድልሽ?" አልኳት። "ወደ ሸቤ ልመለስ?"

"የትም አትሄድም። ቁጭ በልና ምዘዝ።"

እንግዲህ ያደረግነው ይሄ ነው። የሰፋሁትን ተረተርኩ። የጎን ስፌቱን ከታች ስንዝር ከፈትን። አምስት ሰው ለአምስት ድርብ፣ ሁሉም በመርፌ ጫፍ አግድም ክሩን አንድ በአንድ እየመዘዘ። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ክር እንዳይወጣ ስሠራ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ አንድ ቀን ሙሉ ክር ሳወጣ ዋልኩ። ጅብሪል "ሠላሳ ዓመት የሰፋነውን በአንድ ቀን ልንተረትረው ነው" እያለ ሲለፈልፍ ዋለ። ለጁምዓ ብቻ ተነሣን፣ ሰግደን ተመለስን። ፈድሊያ በቆሎ ጠብሳ አመጣች፣ እጃችን እንዳይቆሽሽ ራሷ እየፈለቀቀች አጎረሰችን። ፍሬሰላም ጭቃውን እንደገና ከላይ ረጨች።

ቀሚሱ ግን አጠረ። ቲቲ ስትለካው ጉልበቷ ሥር ቀረ። ድርቦቹ ተደራርበው አጭር መጋረጃ መሰሉ።

ቲቲ አወለቀችው። ለሩፈይዳ አቀበለቻት። "ለአንቺ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው" አለቻት።

ሩፈይዳ እኔን አየችኝ። እኔ ነኝ ያሳጠርኩት።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጠዋት። ዝናብ። ምንም አልበላሁም። ቴርሞሜትሩን ኪሴ ከትቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ነሐሴ 10፣ ማታ

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። የመጣው ሰው አለባበሱ ብቻውን ትርዒት ነው! የጅማ እናቶች ወርቅ ጥልፍ ያለው ሻሽ፣ ወጣቱ የተቀደደ ጂንስ፣ አንድ ሰውዬ ሙሉ ነጭ ሱፍ በዚህ ጭቃ። ግድግዳው ላይ የፍሬሰላም ሴቶች አዌቱን ይሻገራሉ። ከፊታቸው ሰው ተሰብስቦ የትኛዋ ምን እንደተሸከመች ይከራከራል።

ሩፈይዳ አሥራ አራተኛ ወጣች። የተከፈተ ነገር፣ ሙዚቃ ነበረ መሰለኝ፣ አልሰማሁም።

እንደ ባለሙያ ልጻፈው፣ ሌላ አይሆንልኝም። ትከሻው ተቀምጧል። ወገቡ ላይ አልተያዘም። በአንደኛው እርምጃ የላይኛው ዘርፍ ተነቃነቀ፣ በሁለተኛው ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች ወረደ፣ ከዚያ እንደገና ከላይ። ዝናብ ሲመጣ ከተራራ እንደሚወርደው። እግሯ ላይ የፈድሊያን የጎማ ቦት አድርጋለች። የቆረጥኩት በልኳ ነው፣ ተኝታ ባለችበት ልክ፤ ቆማ ስትሄድበት ልኩ ሌላ ነው። ሰው ሲራመድ ይረዝማል። ይህን ሙያዬ ላይ አላውቀውም ነበር።

እየሄደች ነው። ሌላ ምን ልበል? ልጄ በዚያ ጨርቅ ውስጥ እየሄደች ነው፣ ትተነፍሳለች፣ ቦቱ ይጮኻል።

ጅብሪል "ባሬዳ፣ ባሬዳ" ይላል ከጎኔ፣ ቆንጆ ማለቱ ነው፣ እጄን እስኪያመኝ ጨብጦ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ልጆቹን አቁማ ጥያቄ ጠየቀች። የሩፈይዳን ጠርዝ ጎንበስ ብላ አየች። "አራቱ ድርብ ላይ ክሩ የተወዛገበ ነው፣ የመጨረሻው ላይ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሆን ብለሽ ነው?"

"የመጨረሻውን የመዘዘው አባቴ ነው" አለች ሩፈይዳ በማይክ። "እሱ ሲያበላሽም በመስመር ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። ሸዋረገጥም ሳቀች። ሰው ዞሮ አየኝ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር።

ስም ተጠራ። የሩፈይዳ ሁለተኛ ነው። ቲቲ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ፍሬሰላም ዘላ የሰው ጃንጥላ ረገጠች። ሰው አጨብጭቦ ሲጨርስ ነው እጄ የታዘዘልኝ። ጸጥ ባለ አዳራሽ ብቻዬን ሳጨበጭብ ዞር ብላ አየችኝ።

ለሳቢሃ ደወልኩ። "አልኩህ" አለችኝ። ምኑን እንዳለችኝ አላስታውስም።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ከጅብሪል ጋር ሻይ ጠጣን። ቀሚሱ ለሳምንት አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል፣ ሄደን አየነው። አንዲት እናት ለልጇ "የሰፋችው እኮ የሸቤ ልጅ ናት፣ የልብስ ሰፊው" ስትላት ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ዞሬ በአጠገባቸው አለፍኩ።

ሻዩ ላይ ጅብሪል "ሳኒ" አለኝ።

"እህ።"

"ሴትዮዋ ባለፈው ሰኞ 'አንመልሳትም' ባትል ኖሮ ሐሙስ መቀስ ታነሳ ነበር?"

ለእሱ ነግሬው ኖሯል። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። ሌላ አዘዝኩ።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ሄደች። አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ፍሬሰላምና ቲቲ መናኸሪያ ድረስ መጡ፣ ሦስቱም ተያይዘው እያለቀሱ ይስቃሉ። ቲቲ የራሷን ካፖርት አውልቃ አለበሰቻት፣ እጅጌው ጣቷን ዋጠው። ላሳጥረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። እንደዚያው ያምርባታል።

ግንባሯን አልነካሁም። እሷ ነካችኝ።

ወደ ሸቤ በሚኒባስ። ዝናብ የለም።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ፣ ሸቤ

ዩኒፎርም። ስልሳ ሁለት ቀረኝ። ካኪው እያለቀ ነው፣ መደርደሪያው ሥሩ ይታያል፣ ባዶ ነው።

ከሰዓት ደወለች። ስለ ትምህርቷ አወራችኝ፣ የማላውቀው ስም ያለው ስፌት፣ የማላውቀው መኪና። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ትከሻ እንዴት እንደምታስገባ ለሌሎቹ አሳዪያቸው ብላት እሷ አስተምራ መጣች። የእኔን ትከሻ አዲስ አበባ ላይ! አይ፣ የእኔ አይደለም፣ የራሷ ነው።

"አንተስ አባ፣ ደህና ነህ?"

ደህና ነኝ ልል ነበር። ሁሌ እንደምለው። ዩኒፎርሙ፣ ዝናቡ፣ እናትሽ ሰላም ትልሻለች ልል ነበር።

"ደህና አይደለሁም" አልኳት። "ግን እንዳትመጪ።"

ከጀርባዋ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፣ ብዙ መኪና።

"እኔም ደህና አይደለሁም" አለችኝ። "አልመጣም።"